የሸጊቱ ጆሮ

ሰው ከጎረቤቱ የሚደብቀው ሁለት ነገር ነው፤ ክፉ ሥራውንና ደግ ሥራውን። ክፉውን ተዉት፣ እሱ ፈላጊ አያጣም። በመጋረጃ ቢሸፍኑት፣ በር ቢቆልፉበት፣ እንደኔ ያለች ሴትዮ ክርኗን መስኮት ላይ አስደግፋ ሻይዋን ፉት እያለች ታወጣዋለች። ደጉን ግን ማን ይፈልገዋል? "ይቺ ደግሞ ዛሬ ምን በጎ ነገር ልትሠራ ይሆን?" ብሎ አንገቱን የሚያሰግግ ጎረቤት እስከ ዛሬ አላየሁም። ክፉ ሥራ ቢደበቅም ይገኛል። ደግ ሥራ ግን ከደበቁት ተደብቆ ይቀራል፤ ከባለቤቱ ጋር አብሮ አፈር ይገባል።

ይህን ሁሉ የምለው የድመት ወሬ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

የምኖረው በሰው አገር፣ ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደመናው ሲገለጥ ያንን ትልቁን ተራራ የሚያዩት በወዲያኛው በኩል ያሉ ተከራዮች ናቸው። የኔ መስኮት የሚያየው የሱቆቹን ጓሮ ነው፤ ፓርኪንጉን፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹን፣ የኋላ በሮቹን። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ተራራው ምን ያወራል? ቆሞ ማየት ነው። የሱቅ ጓሮ ግን በየቀኑ አዲስ ነገር አለው። የሰፈሩ ልጆች "ካሜራዋ" ይሉኛል፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። እሰማለሁ። ደስም ይለኛል።

እንግዲህ ከመስኮቴ ሥር በተርታ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ የጋሽ ሰይድ ሥጋ ቤት፣ የአልማዝ ምግብ ቤት፣ የጸጉር ሠሪዋ ቤት፣ ጥግ ላይ ደግሞ የስልክ መሸጫው። ከኋላቸው ደግሞ ድመቶቹ። ስንት ናቸው ብትሉኝ፣ ድመት ቆሞ አይቆጠርም፤ ብቻ ብዙ ናቸው። ጥቁር አለ፣ ቡራቡሬ አለ፣ ጭራው የተቆረጠ አለ።

በኛ አገር ድመት የማንም አይደለችም፤ የማንም ስላልሆነች የሁሉም ናት። አይጥ ትይዛለች፣ ደመወዟን በአጥንት ትቀበላለች፣ ማታ የምታድርበትን ራሷ ትመርጣለች። እዚህ አገር ግን ድመት ወይ ስም፣ ሐኪምና የልደት ቀን አላት፤ ወይ ደግሞ ፕሮብለም ናት። መሐል ቤት የለም። የኛ ጓሮ ድመቶች ግን፣ እንደ እኛው፣ መሐል ቤት ሲኖሩ ኖሩ።

ከሁሉም አንዷ ግን ስም ነበራት። ሸጊቱ። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የተቀባባች፣ አረማመዷ የእመቤት፣ አንድ ጆሮዋ ጫፉ የጎደለ። ስሙን ያወጣችላት የጋሽ ሰይድ ባለቤት ዘይነባ ናት፤ አላህ ይርሐማት። የደሴ ልጅ ነበረች፣ ቀልድ ታውቃለች። ሁዳዴ ሲገባ የአልማዝ ገንዳ ከምስርና ከጎመን በቀር ምንም የለውም፤ ድመቶቹ ያኔ ተሰልፈው ወደ ጋሽ ሰይድ በር ይዞራሉ። ዘይነባ በሩ ላይ ትቆምና "አልማዝ! ድመቶችሽ ጾም ሲገባ ይሰልማሉ፣ ለፋሲካ ይመለሳሉ፤ ምን ዓይነት እምነት ነው?" ትላለች። አልማዝ ከወጥ ቤቷ በሳቅ ትፈርሳለች።

ዘይነባ ከሥጋ ቤቱ ጎን፣ የራሷ በር ባላት ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋ ነበር። እንግሊዝኛ ከ"ሃይ" እና ከ"ታንክ ዩ" አታልፍም። መኪና አትነዳም። ልጅ አልወለዱም።

ይህችን የመጨረሻዋን በአንድ ቃል ብያት ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰፈራችን ግን አላለፋትም። ለቅሶ ቤት ስትመጣ "መቼ ነው የምንሰማው?" ይሏታል። ሠርግ ቤት ስትመጣ "ሐኪም አየሽ ወይ?" ይሏታል። አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ሕፃኑን ከእጇ ቀስ አድርገው የሚቀበሉ ነበሩ፤ ሻይ ጠጪ እያሉ፣ እየሳቁ። እሷም ሻይዋን ትጠጣለች።

አንድ ክረምት፣ ያ የማያባራ ቀጭን ዝናብ ሰንብቶ ብርዱ ሲጠና፣ ሸጊቱ ከገንዳው ሥር ወልዳ ግልገሎቿ በሙሉ ሞቱ። ዘይነባ እያንዳንዳቸውን ከስፌቷ በተረፈ እራፊ ጠቅልላ አጥሩ ሥር ስትቀብር ከመስኮቴ አይቻታለሁ። ሸጊቱ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታያት ነበር።

ከዚያ ሰሞን ሌላም ያየሁት ነገር አለ፤ ለብዙ ጊዜ ሊገባኝ ያልቻለ። ባቡሩ ኖርዝጌት ድረስ መሄድ በጀመረ ሰሞን ጣቢያው ውስጥ ዘይነባን አገኘኋት። በሻርፕ የተሸፈነ ትልቅ ቅርጫት አቅፋለች።

"ወዴት ነው በጠዋቱ?" አልኳት።

"ኖርዝጌት፣ ለቅሶ አለብኝ።"

"ምን ይዘሻል?"

"ዳቦ ነው።"

ዳቦው ተነቃነቀ። በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ፤ ዳቦው ከሻርፑ ሥር ተነስቶ ተቀመጠ። ዶሮ ነው አልኩ በልቤ። ለቅሶ ቤት ከነነፍሱ ዶሮ ይዞ መሄድ ምን ማለት ነው ብዬ ልጠይቅ ስል ባቡሩ መጣና ገባች። ቀረ።

ዘይነባ ከሞተች እነሆ ሁለተኛ ዓመት አለፈ። የስፌት ክፍሏ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። ጋሽ ሰይድ ሰላምታ ሲሰጡት ይመልሳል፣ ሥጋ ሲጠይቁት ይቆርጣል፤ ሌላ ቃል የለውም። በየማለዳው ሥጋ ቤቱን የሚከፍተው ለደንበኛ አይመስለኝም፤ ያን ያህል በማለዳ ሥጋ የሚገዛ ሰው የለም። ሳንባና ጅማቱን በሳህን ይዞ በኋላ በር ይወጣል፣ ለድመቶቹ ያካፍላል፤ ለሸጊቱ ለብቻዋ ያቀርብና አጠገቧ ተቀምጦ ያወራታል። አዎ፣ ያወራታል። ከሰው የተረፈ ወሬ ሳይሆን ለሰው ያልተሰጠ ወሬ። መስኮቴን ገርበብ አድርጌ ልሰማ ሞክሬያለሁ፤ ርቀቱ አላስቻለኝም። አንድ ቀን ግን ሲስቅ ሰማሁት፤ ከዘይነባ በኋላ የሰማሁት ሳቅ ያ ብቻ ነው።

እንግዲህ የሱቆቹ ማናጀር የመጣው በዚህ ላይ ነው።

ዳግማይ ትንሣኤ አልፎ፣ የአልማዝ ገንዳ እንደገና የሥጋ ገንዳ ሆኖ፣ ድመቶቹም "ወደ ክርስትናቸው" ተመልሰው ነበር። ጸደይ ነው፤ ወንዶቹ ይጣላሉ፣ ሴቶቹ ያረግዛሉ፣ ሽታው ግድግዳ ይበሳል። አንዲት ግልገል የደንበኛ መኪና ሞተር ውስጥ ገብታ በጭንቅ ወጣች። የስልክ ቤቱ ሰውዬ ኮምፕሌይን አደረገ። ማናጀሩ፣ ብራያን የሚባል ቀጭን ልጅ፣ ሱቆቹን ሁሉ ፓርኪንጉ ላይ ሰብስቦ ተናገረ። እኔም ወረድኩ፤ ማን ጠራሽ እንዳትሉኝ። ልጄ ሄለን ዕረፍት ነበረች፣ ታስተረጉማለች።

"ድመቶቹን ሪሙቭ የሚያደርግ ካምፓኒ ሰኞ ይመጣል ነው የሚለው" አለች።

"ወዴት ነው የሚወስዷቸው በይው" አለ ጋሽ ሰይድ። በዚያ ሰሞን ስንሰማው የመጀመሪያው ነው።

ሄለን ጠየቀችው። ብራያን ጫማውን አየ። "እሱ የነሱ ሥራ ነው" አለ።

የት እንደሚወስዱን የማይነግሩን ሰዎች ጫማቸውን እንዴት እንደሚያዩ እኛ እናውቃለን። ጋሽ ሰይድ ፊቱ እንደ አመድ ሆነ፤ ሸጊቱን ከወሰዱበት በየማለዳው በሩን ለማን እንደሚከፍት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሄለን ማታውን ስልኳን ስትጎረጉር ቆይታ ሊንዳ የምትባል ሴትዮ አገኘች። ሽበታም፣ ሱሪዋ የድመት ጸጉር የለበሰ፣ መኪናዋ እንደ ቀፎ ባለ የሽቦ ወጥመድ የተሞላ። መጥታ አስረዳችን፦ ድመቶቹን በወጥመድ እንይዛለን፣ ሐኪም ቤት እንወስዳለን፣ ዳግመኛ እንዳይወልዱና እንዳያስወልዱ ይደረጋል፣ ይከተባሉ፣ ተመልሰው እዚሁ ይለቀቃሉ። ጠቡም ይቀራል፣ ሽታውም ይቀራል። የለመዱት ሰው በሰዓቱ ያበላቸዋል፣ ሳህኑን ያነሳል። ድሮም ቢሆን እነሱን ብታነሱ ሌሎች ይመጣሉ አለች። ለብራያንም ነገረችው። ብራያን ራሱን አከከና፣ ከሰኞ በፊት ካለቀ ካምፓኒውን አስቀራለሁ፣ ካላለቀ ግን ከእጄ ወጥቷል አለ።

"ሙክት ሊያደርጓቸው ነው በሉኛ!" አለች አልማዝ።

ሳቅን። ነገሩ እንግዳ አይደለማ። በሬ ይኮላሻል፣ ፍየል ይኮላሻል፣ ማንም ኃጢአት ነው አላለም። ደግሞ ልብ በሉ፦ ወንዱ ሲኮላሽ ሙክት ይባላል፣ ይወፍራል፣ ለበዓል ይወደሳል። ሴቷ ስትሆን ግን ያለን ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ቃሉም ስድብ ነው። ሄለን የሊንዳን ንግግር ስትተረጉም ሌላ ቃል አጣችና ያንኑ አለችው፦ "ሴቶቹን መካን ያደርጓቸዋል።"

ጋሽ ሰይድ ዞሮ ገባ። በሩን ዘጋ።

ሊንዳ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አዘዘችን። ሐሙስ ጠዋት ወጥመዱን አጠምዳለሁ፤ እስከዚያ ከረቡዕ ጀምሮ ማንም እንዳያበላቸው፤ ካልራባቸው አይገቡም። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። ገብቶናል። ኦኬ። ኖ ፕሮብለም።

አሁን ረቡዕ አመሻሽ ላይ መስኮቴ ላይ ነኝ። ዝናቡ አባርቷል። የአልማዝ የኋላ በር ተከፈተ። አልማዝ ግራ ቀኝ አየች፤ ወደ ላይ ግን አላየችም። ሰው ሲደበቅ ወደ ላይ አያይም፤ ለዚህ ነው ሁለተኛ ፎቅ የምወደው። በፎይል የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ገንዳው ሥር ዘረገፈች። ጎረድ ጎረድ! እየሮጠች ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጸጉር ሠሪዋ ብቅ አለች፤ ሁለት ጣሳ ቱና። "ብሉ፣ ብሉ፣ የኔ ቆንጆዎች፣ ነገ መንገደኛ ናችሁ" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የስልክ ቤቱ ሰውዬ! ኮምፕሌይን ያደረገው! የዶሮ ሳንድዊቹን ግማሽ ጥሎ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ምንም እንዳልሠራ እያፏጨ ሄደ። በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ሙሉ ሳህን ሳንባ ይዞ ወጣ። እሱ ግራ ቀኝ አላየም።

እኔስ? ካሜራ ራሱን አይቀርጽም።

ሐሙስ ጠዋት ሊንዳ ወጥመዶቿን በአንሶላ ሸፍና፣ ሰርዲኗን ከታ፣ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ድመቶቹ ገንዳው ላይ ወጥተው ከሠርግ እንደተመለሰ እንግዳ ጢማቸውን ይጠርጋሉ። አንዱ ቡራቡሬ ወጥመዱ አጠገብ ሄዶ ሰርዲኑን አሸተተ፣ "ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ያለ ይመስል ዞሮ ተኛ። እስከ ቀትር አንድም የገባ የለም።

"ማን አበላቸው?" አለች ሊንዳ በሄለን በኩል።

"እኔ? እመቤቴን!" አለች አልማዝ።

"ኖ፣ ኖ፣ ኖ" አለ የስልክ ቤቱ።

"ማርያምን አላበላሁም" አለች ጸጉር ሠሪዋ።

ያልማለ ጋሽ ሰይድ ብቻ ነው። ሊንዳ ደክሟታል፤ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ መምጣት እችላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ ያለበት ሌላ ሰፈር አለ ብላ ወጥመዶቿን ጫነች።

እስከ መኪናዋ ታገስኩ። ከሄደች በኋላ ግን ፓርኪንጉ መሐል ቆምኩ።

"አልማዝ፣ ጎረድ ጎረዱ ጥሬውን ነበር ወይስ ለብ ብሎ? አንቺ፣ ቱናው በዘይት ነው በውኃ? ወንድሜ፣ የዶሮ ሳንድዊቹስ? በማርያም መማል፣ በእመቤታችን መማል! ለድመት ጉርሻ ነው የምትምሉት?"

አልማዝ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ተቆጣች። "እትዬ በላይነሽ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሌ መስኮት ላይ! ምን ላድርግ ታዲያ? ሐኪም ቤት የሚሄድ ፍጥረት ጦሙን ይሂድ? እኔ እንግዳ ሳላጎርስ ሸኝቼ አላውቅም!"

"እኔም አንቺ ያበላሽ መች መሰለኝ!" አለች ጸጉር ሠሪዋ።

ይኸው ነው ችግሩ። እያንዳንዱ ሌላው ጨካኝ መስሎታል። ሁሉም "እኔ ካላበላሁ ማን ያበላል" ብሎ ተደብቆ አበላ፤ በደግነታችን ተባብረን ድመቶቹን ለሰኞው ካምፓኒ ልናስረክባቸው ደረስን። ክፋት ተደብቆ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ደግነት ተደብቆ ይህን ያህል ሲያበላሽ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ለቅዳሜ ሁሉም ቃል ገባ። እኔም መስኮቴን ጠቁሜ "አያለሁ" አልኳቸው። ሐሜተኛ ለአገር የምትጠቅምበት ቀን አለ።

የቀረው ጋሽ ሰይድ ነበር። ሥጋ ቤት ገባሁ። ቢላውን እየሳለ ነው።

"ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎም አበሉ።"

"አበላሁ።" ቀና አላለም። "በላይነሽ፣ ለቢላ የቀረበ በግ እንኳ ውኃ ሳይቀምስ አይቀርብም። እኔ በዚህ እጄ ስንቱን አርጃለሁ፤ አስርቤ ያረድኩት የለም።"

"ሊያርዷቸው እኮ አይደለም። ሰኞ የሚመጡት ናቸው የሚያርዷቸው።"

ቢላውን አስቀመጠ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ "ልጅሽ ያለችውን ቃል ሰማሽ አይደል። ዘይነባ በሕይወት ሳለች ያቺ ቃል እዚህ ቤት አትነሳም ነበር። ውጭ ሰምታት ስትመጣ ከፊቷ አውቃለሁ። አሁን እኔ በዚያ ስም፣ እሷ ያሳደገቻትን፣ እሷ ስም ያወጣችላትን… ዘይነባ ብታየኝ ምን ትለኛለች?"



በመጨረሻ "የቀሩትን ውሰዱ" አለ። "ሞት ከሚሆንባቸው ይሁን። ሸጊቱን ግን አትንኩብኝ። ቅዳሜ ለት መኪናዬ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። ሰኞ የሚመጣውንም ቢሆን፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።"

ዓርብ ማንም አላበላም። መስኮቴ ላይ ሆኜ የድመቶቹን ጩኸት ስሰማ ዋልኩ፤ ጆሮዬን ይዤ። አልማዝ ሁለት ጊዜ በሯን ከፍታ፣ ሁለቴ ወደ ላይ አይታኝ፣ ሁለቴ ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ሊንዳ መጣች። ወጥመዱ ገና ከመቀመጡ ቡራቡሬው ገባ፤ ቀፎው ጠቅ አለ። ጥቁሩ ገባ። ጭራ ቆራጣው ገባ። አንድ በአንድ፣ ሁሉም። ጋሽ ሰይድ አሮጌ መኪናው አጠገብ ቆሟል፤ ሸጊቱ ከኋላ ወንበር በመስኮቱ ታየናለች። ሁሉም ነገር ባለቀ ሰዓት፣ አላስችል ብሎት፣ ውኃ ሊያስቀምጥላት በሩን ትንሽ ከፈተ። ሾለከች። እመቤቲቱ ሸጊቱ፣ ከማንም ጋር ተጋፍታ የማታውቀው፣ ቀጥ ብላ ሄዳ የመጨረሻው ወጥመድ ውስጥ ገባች። ጠቅ።

"ያ አላህ! እሷን አይደለም! እሷን አይደለም በሏት!" ጋሽ ሰይድ ሮጠ። እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

ሊንዳ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች። ለሄለን አንድ ነገር አለቻት። ሄለን "ሪሊ?" አለች፤ ከዚያ ወደኛ ዞረች።

"እሷ አያስፈልጋትም ነው የምትለው። ድሮ ተሠርቶላታል።"

"ምን ተሠርቶላታል?" አለ ጋሽ ሰይድ።

"ያው… እንዳትወልድ። ከዓመታት በፊት። ጆሮዋን እዩት ትላለች። ሐኪሞቹ ሲጨርሱ እንደደነዘዘች የጆሮዋን ጫፍ ቀጥ አድርገው ይቆርጣሉ፤ ምልክት ነው፣ ሁለተኛ እንዳትያዝ።"

"ውሻ ነው የነከሳት" አለ ጋሽ ሰይድ። "ዘይነባ ነግራኛለች። ውሻ ነው።"

ሊንዳ ራሷን ነቀነቀች፣ በጣቷ አየር ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች። ጥርስ እንዲህ አይቆርጥም።

ጎንበስ ብለን አየን። ስንት ዓመት ያየነው ጆሮ ነው። ቀጥ ያለ ነበር። በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ጠርዝ ቀጥ ያለ።

ዳቦው፣ አልኩ በልቤ።

ከዚያ በልቤ አልቀረም፤ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ጣቢያውን፣ ቅርጫቱን፣ ሻርፑን፣ ኖርዝጌትን። ጋሽ ሰይድ እኔን አላየኝም፤ ወጥመዱን ነው የሚያየው።

"ያን ቀን እጇን ተቧጭራ መጣች" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ እንደሚያመጣ ሰው። "ምን ሆንሽ ብላት መርፌ ነው አለችኝ። ሌሊቱን የስፌት ክፍሏ ውስጥ ማሞቂያውን ለኩሳ አደረች። የምጨርሰው ልብስ አለ አለችኝ። በበሩ በኩል ስታወራ ሰማኋት። ዱዓ የምታደርግ መስሎኝ አልገባሁም። ለልጅ የምትለምን መስሎኝ… አልገባሁም።"

ባቡሩ በላያችን አለፈ።

"ታዲያ ለምን ደበቀችን?" አለች አልማዝ፣ ዓይኗ ሞልቶ። "እኔ በመኪናዬ ባደረስኳት! ለምን አልነገረችንም?"

እኔ ለእናንተ እመልሳለሁ። ብትነግረን ምን እንል ነበር? እያንዳንድሽ ልብሽን ጠይቂ። "ራሷ ሳትወልድ ቀርታ ድመቷንም አመከነቻት" እንል ነበር። አንዳችን እንለው ነበር፣ የቀረነው እንስቅ ነበር፤ ነገሩ ቤት ለቤት ሲዞር ከርሞ አራስ ቤት ይቀድማት ነበር። ዘይነባ እኛን አሳምራ ታውቀናለች። ግልገሎቹን በእራፊ ጠቅልላ የቀበረች ሴት፣ ሁለተኛ እንዳትቀብር ስትል፣ በሁለት ቃል እንግሊዝኛ፣ በማታውቀው ባቡር፣ የማታውቀው ሐኪም ቤት ሄደች። እኛ ተሰብስበን፣ አስተርጓሚ አቁመን፣ በሁለት ሙከራ በጭንቅ ያደረግነውን እሷ በአንድ ቅርጫት አደረገችው። ከዚያ ውሻ ነው አለች፤ እኛም አመንን። እኔ እንኳ፣ ከነመስኮቴ።

ጋሽ ሰይድ ተንበርክኮ የወጥመዱን በር በራሱ እጅ ከፈተ። ሸጊቱ ወዲያው አልወጣችም። ሰርዲኗን ጨርሳ፣ ጢሟን ልሳ፣ ከዚያ ወጣችና ጉልበቱን ታክካ አለፈች። የተቆረጠችውን ጆሮ በአውራ ጣቱ ነካት።

ሊንዳ ወጥመዶቹን መጫን ጀምራ ነበር። በሄለን በኩል አንድ ጭንቀቷን ነገረችን፦ ከሐኪም ሲመለሱ አንድ ሌሊት ሞቃት፣ ዝግ ቦታ ማደር አለባቸው፤ የሷ ጋራዥ በሌላ ሰፈር ድመቶች ሞልቷል፤ ይህን ያህል አንድ ላይ ይያዛሉ ብላ አላሰበችም። አልማዝ ቤቴ ሩቅ፣ ሾርላይን ነው፣ ባሌም አለርጂ አለበት ስትል፣ የስልክ ቤቱ መጋዘኔን ላጽዳ ሲል፣ ጋሽ ሰይድ ኪሱን ዳበሰ። ቁልፍ አወጣ። ሁለት ዓመት ከኪሱ ሳይወጣ የኖረ ቁልፍ።

የስፌት ክፍሉ በር መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦታል። በትከሻው ገፋው። ማሽኗ ከነጨርቁ እንደተቀመጠ ነበር። ማሞቂያው ጥግ ላይ ነበር። ማሞቂያው ሥር፣ አራት ታጥፎ፣ የድመት ጸጉር ያለበት ሻርፕ ነበር።

አላነሳውም። "እዚህ ይደሩ" አለ ብቻ። "ሞቃት ነው። እዚህ ያደረ ድኗል።"

እሑድ ማታ እሱም እዚያው አደረ፤ በር ከፍቶ፣ ወንበር ላይ። ሲያወራ ይሰማ ነበር። ሰኞ ብራያን መጥቶ ገንዳዎቹን ዞሮ አየ፣ ድመቶቹን አየ፣ ቀጥ ቀጥ ብለው የተቆረጡትን ጆሮዎች አየ፣ ለካምፓኒው ኮል አደረገና አስቀረው። የስልክ ቤቱ ሰውዬ ሳህን አጣቢ ሆኗል፤ ማንም ሳያዘው። የሚቀጥለው ሁዳዴ ሲገባ ድመቶቹ እንደ ልማዳቸው ይሰልሙ ይሆናል፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም። ጆሯቸው ግን ከእንግዲህ የዘይነባ ነው።

እኔም መስኮቴ ላይ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ? ዓይኔም እንደ ድሮው አያርፍም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦብኛል። በቀደም ጣቢያው ውስጥ አንዲት የማውቃት ልጅ በሻሽ የተሸፈነ ነገር አቅፋ፣ እኔን ስታይ ቀለሟ ተለዋወጠ። "ምን ይዘሻል?" አልኳት፣ ከልማድ። "ዳቦ ነው እትዬ" አለችኝ።

ዳቦ ነው ካለች ዳቦ ነው። ቢነቃነቅም።